የሴቪያ ስቅለታችን

ሰፈራችን ፒኮ ሮበርትሰን ውስጥ ከአንድ ግቢ የብርቱካን አበባ ሽታ ሲወጣ፣ በቃ፣ እግሬ ይቆማል። ማንም የለም፤ ግን አንድ ሰው አጠገቤ የቆመ ይመስለኛል።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አክስቴ ባልድዊን ሂልስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ስፔናዊት አሮጊት ትንከባከብ ነበር። ሴትየዋ የሴቪያ ልጅ ናት፤ ጓሮዋ ውስጥ የብርቱካን ዛፍ ነበራት። ስድስት ዓመት ሙሉ ለአክስቴ ያወራችላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሕማማት ሳምንት የእመቤታችንን ምስል በትከሻቸው ተሸክመው፣ ሻማ እያበሩ፣ ከበሮ እየመቱ ስለሚሄዱት ሰዎች። «እኔ አልደርስበትም፤ አንቺ እዪልኝ» አለቻት። አክስቴም እሺ አለች። ሴትየዋ መስከረም ላይ አረፈች።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ምሳ እየበላን ድንገት ቀና ትልና ወደ በሩ ታያለች። ምን ሆንሽ ስላት፣ «ምንም፤ እየጠበቀችኝ ነው» ትለኛለች፣ እንጀራዋን እየቆረሰች። ይህን ስጽፍ እንኳ ወደ በሩ ዞር ብያለሁ።

ሶ፣ ልንሄድ ወሰንን። አምስት ቀን፦ ሦስቱን ሴቪያ፣ ሁለቱን ማድሪድ። ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ስለምማር አስጎብኚዋ እኔ ሆንኩ፤ ኩራቴ አይነገርም። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ከምንውልበት ቅመም ሱቅ ጓዳ፣ በኮረሪማ ሽታ መሃል ላፕቶፔን ከፍቼ ሆቴል መረጥኩ፤ የምናየውን ቤተ መንግሥት፣ ድልድይ፣ የጭፈራ ቤት ሁሉ ደብተሬ ላይ ደረደርኩ። ሕማማት መቼ ይውላል ብዬ ስጠይቃት አክስቴ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር በጣቷ አሳየችኝ። ለዚያው ሳምንት ትኬት ቆረጥን፤ የማይቀየር፣ የማይመለስ።

ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን ጋሼ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ስለ ሻንጣ ስናወራ ሰማን።

«እንዴ፣ የፈረንጆቹ ፋሲካ ነገ አይደል እንዴ? አንቺ ልትሄጂ ነው ወይስ ደርሰሽ መጣሽ?» አላት አክስቴን።

እሱ ብቻ ሳቀ። እኔ በየሱቁ የተደረደረውን የቸኮሌት እንቁላል ሳምንት ሙሉ እያየሁ አልፌያለሁ። የሌላ ሰው ፋሲካ ነበር፤ ስፔኖችም ሌላ ሰው መሆናቸው ትዝ አላለኝም።

አክስቴ የበርበሬ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። «ታዲያ የምትጠብቀኝ በየትኛው ነው?» አለች።

ሄድን። ሴቪያ በስቅለታችን ቀን ተራ ዓርብ ነበረች። ሰው አይስክሬሙን ይልሳል። አንድ መንገድ ጠራጊ ሰልፉ የት እንደሚያልፍ ስጠይቀው፣ እዚሁ ነበር፣ ግን ባለፈው ሳምንት አለኝ። ለአክስቴ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ሳስብ እሷ መሬቱን ታያለች። ከሻማ የፈሰሰ ሰም ጠቁሮ ድንጋዩ ላይ ተጋግሯል፤ ሞተር ባለፈ ቁጥር ጎማው ሲጥ ይላል።

ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ሰሙን እየረገጠች መራመድ ጀመረች። ጠራጊው ዛሬ እኮ አይደለም አለኝ። «ለእኛ ዛሬ ነው» አልኩት፣ በዚያች የክፍል ስፓኒሼ። መጥረጊያውን ወደ ጎን ሳበላት።

አክስቴ ፈጣን ናት፤ ፌርፋክስን ስታቋርጥ አልደርስባትም። ያን ቀን ግን እግሯን እየጎተተች ነበር። ከዚያ የግራ ክንዷን አየሁት፤ አሮጊት ደግፎ እንደሚሄድ ሰው ክንድ ታጥፏል። አንድ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ትንፋሽ እስኪሰበስብ የምትጠብቅ ይመስል ቆም አለች፤ ደግሞ ቀጠለች።

ልጠጋት አልኩና ተውኩት። ጫማዋን ይዤ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ለቅቄ፣ ከኋላ ተከተልኩ።