የጎደለችው መዝሙር

አራዳ ገና ትልቁ ገበያ በነበረችበት፣ በቅሎ ከአውቶሞቢል በሚበዛበት በዚያ ዘመን፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ሁለት ሱቆች ተጠጋግተው ይታዩ ነበር። አንደኛው የኮርቻ ሠሪው የአጥናፉ፣ ሁለተኛው የልብስ ሰፊው የበርሄ ነው። የሚለያያቸው ግድግዳ ሳንቃ ነበረ፤ ሳንቃውም ደርቆ ስለ ተሰነጠቀ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይለው ነበር።

አጥናፉ የዕለት ዳዊቱን ሳይደግም ወስፌ የማይነካ ሰው ነበር። በልጅነቱ ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የተማረው ነው፤ ንባቡ እንደ ውኃ ይወርድለታል። ግእዙን ግን አይፈታውም። ትርጉሙን ሳይለይ፣ እንዲያው ድምፁ ብቻ ያጽናናው ነበር። በየወሩ በሃያ አንድ የሚጠጣው የማርያም ማኅበርም መሪ እሱ ነው፤ በማኅበሩ ወግ «ሙሴ» ይሉታል። በርሄም ከሐማሴን መጥቶ አራዳ ከከተመ ጀምሮ የዚያው ማኅበር አባል ነው። የበርሄን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሣው አጥናፉ በመሆኑ፣ ሁለቱ «አበልጅ» እየተባባሉ ይኖሩ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በሳንቃው ስንጥቅ በኩል ነው። አንድ ቀን የበርሄ የስፌት መኪና ድንገት ዝም አለ። አጥናፉ አጮልቆ ቢያይ፣ በርሄ አንድ ወፍራም የማተሚያ ቤት መጽሐፍ ዘርግቶ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ደንበኛ ሲገባ ጊዜ፣ ይሰፋው የነበረውን ካቦርት በመጽሐፉ ላይ ጣል አደረገበት።

«ለምን ይሸፍነዋል?» አለ አጥናፉ ለራሱ።

ከዚያች ቀን ወዲያ ያላየው ነገር ሁሉ ይታየው ጀመር። በርሄ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ጉለሌ፣ ፈረንጆች መጽሐፍ ወደሚያስነብቡበት ግቢ ይሄዳል። በማኅበር ቀን ጽዋው ሲደርሰው እንደሚያቃጥል ድስት ቶሎ ያሳልፈዋል። ይህን ያየው ደግሞ አጥናፉ ብቻ አልነበረም። ማር ነጋዴው ወርቅአፈራሁ፣ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነው የማኅበሩ ሰው፣ አንድ ጠዋት ሱቁ ድረስ መጣ።

«ሙሴ፣ አበልጅህ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ልብ ብለኸዋል? ግንባሩ በሩን አይነካም። አየር ነው የሚሳለመው!»

«ሰው በዝቶበት ይሆናላ።»

«ተወኝ እባክህ! እኔ የተበረዘ ማር ሳልቀምሰው ነው የማውቀው። ሰውዬው ተበርዟል። የሚመጣው ሃያ አንድ ደግሞ የእኔ ተራ ነው፤ ጸረ ማርያም በቤቴ ጽዋ አይነሣም። መጽሐፉን መርምርና ወይ ንጹሕ ነው በል፣ ወይ ስሙን ሰርዝ።»

ከማኅበር የተሰረዘ ሰው በአራዳ ምን እንደሚጠብቀው አጥናፉ ያውቃል። ልብስ የሚያሰፋው ይጠፋል፤ ሚስቱ ከጎረቤት ፍም ብትለምን «ጠፍቶብናል» ትባላለች። የክርስትና ልጁስ? የማን ልጅ ሊባል ነው? ስለዚህ አንድ ሐሳብ መጣለት። በመጽሐፉ ጉድለት ካገኘ ለበርሄ ያሳየዋል፤ በርሄም አፍሮ መጽሐፉን ለባለቤቶቹ ይመልሳል፤ ነገሩም ሳይሰማ ይበርዳል።

«አበልጅ» አለው በማግስቱ፣ «ያችን ከካቦርት ሥር የምታኖራትን መጽሐፍ እስቲ አውሰኝ።»

የበርሄ ፊት መጀመሪያ ዳመነ፤ ቀጥሎ በራ። «እዋይ! አይተሃታል እንዴ? ልታነባት ነው? ከልብህ?»

«ከልቤ ነው» አለ አጥናፉ፤ ዓይኑን ግን ወደ ኮርቻው መለሰ።

በርሄ መጽሐፉን በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠው። ይህ ደስታው አጥናፉን ክፉኛ ከነከነው። ጥፋት ሊፈልግበት መጥቶ፣ እንደ ክቡር እንግዳ ተቀበለው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ የሺዓለም ከደጅ አስቆመችው። «ይህን ከሥዕለ ማርያም ሥር አያኑሩብኝ። ከቆዳዎ ጋር ይደር።»

«መጽሐፍ ቅዱስ ነው ይላሉ እኮ።»

«ይላሉ! እርስዎስ የበሬውን ቆዳ የአጋዘን ነው እያሉ ይሸጡ የለም?»

ስለዚህ ምርመራው ከሱቁ ሆነ። አጥናፉ የራሱን ዳዊት በጉልበቱ፣ የበርሄን መጽሐፍ በኮርቻው ላይ ዘርግቶ፣ ግእዙን ከአማርኛው ጋር እያስተያየ ያነብ ጀመር። ስሕተት ነበር የሚፈልገው። ማክሰኞ ዕለት ግን፣ እንጀራውን የተካፈለ ወዳጁ ተረከዙን ስላነሣበት ሰው የሚናገረው ዘንድ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ያንን መዝሙር በየማክሰኞው ሲደግመው ኖሯል። ስለ ከዳተኛ ወዳጅ የሚያለቅስ መሆኑን ያወቀው ግን ያን ቀን ነው።

«በርሄ ማለት ይኸው ነው!» አለ ቶሎ ብሎ። ወዲያው አቡጀዲው ትዝ አለው። በዚያ ሳንቃ በኩል ማን በማን ላይ ሲያደባ ሰነበተ? አጥናፉ መጽሐፉን ከደነው። እንዲህ ሆድ የሚያባባውም ራሱ የፈረንጅ ብልሃት እንዳይሆን ጠረጠረ።

ቅዳሜ ዳዊቱ ወደ ማለቂያው ደረሰ። የአጥናፉ ዳዊት ከመቶ ሃምሳው በኋላ አንዲት ትንሽ መዝሙር አለችው፤ ከወንድሞቹ ሁሉ ታናሽ የሆነው እረኛ ስለ ራሱ የሚናገርባት። የበርሄ መጽሐፍ ግን መቶ ሃምሳው ላይ ቆመ። ቅጠሉን ገለበጠ፤ መለሰ፤ የለችም። አጥናፉ ከደስታው ብዛት ብድግ ብሎ በሳንቃው ላይ ደበደበ።

«አበልጅ! የመጨረሻዋ የታለች?»

በርሄ እየሮጠ መጣ። እሱም ገልብጦ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሙሉ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ማን ቆረጣት?»

«እኔ ምን አውቄ? ነገ እጠይቃቸዋለሁ።» ከዚያም ቀና ብሎ አየው። «ቆይ ግን፤ ለካ ይህን ስትፈልግ ነው የሰነበትከው? ማንበብ አልነበረም?»

አጥናፉ መጽሐፉን በአቡጀዲው ጠቅልሎ መለሰለት።

እሑድ ማታ በርሄ ከጉለሌ ሲመለስ እንደ ሌላው ጊዜ አያፏጭም ነበር። «ከመጽሐፉ ጋር አትቆጠርም አሉኝ» አለ። «ማን ነው የቆጠረው ብላቸው፣ ሻይ ቀዱልኝ።»

ሃያ አንድ ደረሰ። በወርቅአፈራሁ ቤት የማኅበሩ ቄስ አባ ኃይለማርያም ዳቦውን ባርከው ከቆረሱ በኋላ፣ ባለ ቤቱ ጽዋውን ሳያስነሣ ተነሣ።

«ሙሴ፣ ተናገር። መጽሐፉ ጉድለት አለው ወይስ የለውም?»

በርሄ መጽሐፉን በጉልበቱ ይዞ ተቀምጧል። አጥናፉ ከግድግዳው ያለውን የማርያምን ሥዕል አየ፤ በዕለቷ ሊዋሽ አልቻለም።

«አለው። የዳዊት የመጨረሻዋ የለችም። ሌላም የጎደለ ካለ ካህናት ይዩት።»

ቤቱ ተንጫጫ። ወርቅአፈራሁ «አላልኩም!» ብሎ እጁን አጨበጨበ።

«አልጨረስኩም» አለ አጥናፉ። «ያለው የእኛው ዳዊት ነው። ከልጅነቴ የምደግመው ምን እንደሚል የገባኝ ከእሱ ላይ ነው። እሱንም አልዋሽም።»

ይህን ጊዜ ጫጫታው ወደ ሹክሹክታ ተለወጠ፤ ሹክሹክታው ደግሞ የባሰ ነበር። በርሄ ከጆሮው ላይ የልብስ መለኪያ እርሳሱን አውርዶ ከመጽሐፉ መጨረሻ ያለውን ባዶ ቅጠል ገለጠ።

«አበልጅ፣ ድገማት። ልጻፋት።»

አጥናፉ ታናሿን መዝሙር በግእዝ አላት። ማንም ሳይጠይቃቸው አባ ኃይለማርያም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ መምህራቸው እንዳስተማሯቸው በአማርኛ ይፈቱለት ጀመር። በርሄ ጻፈ። ጽዋው ሲደርሰው በሁለት እጁ ተቀብሎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ምን እንዳለ ግን ማንም አልሰማም።

ስሙ አልተሰረዘም። በሚቀጥለው ወር ግን ማኅበሩ ወርቅአፈራሁን ሙሴ አደረገው፤ «አጥናፉንም የጉለሌው ነገር ነካ ነካ አድርጎታል» ይባል ነበርና። አጥናፉ ወደ ኮርቻው ተመለሰ። ዳዊቱን መድገሙንም አልተወም፤ ብቻ ንባቡ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ አንዳንድ ቦታ ይቆማል። በርሄ አሁንም አንዳንድ እሑድ ወደ ጉለሌ ይወጣል። አጥናፉም፣ ምን ይደረግ፣ አሁንም አንዳንዴ በስንጥቁ ያጮልቃል።

አንድ የጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት ሁለቱ አበልጆች በቤተ ክርስቲያኑ በር ጎን ለጎን ሲሳለሙ፣ አጥናፉ የሰው ዓይን ግንባሩ ላይ ሲያርፍ ተሰማው። ዘወር ሳይል ወርቅአፈራሁ መሆኑን አወቀ። ግንባሩን እንጨቱ ላይ አጥብቆ ተጭኖ፣ ከወትሮው አስረዝሞ ቆየ።

በርሄ ከጎኑ በለሆሳስ «አበልጅ፣ ይበቃል» አለው። «ቆዳህ ሊላጥ ነው፤ የአጋዘን አይደለም።»