ቅዳሴው እንዳይታጎል

ዛሬም የጋብቻ ነገር በተነሣ ቁጥር አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ይጠቁምና «እሷን አታዩም? ሳትፈልግ ተድራ ምን ጎደለባት? ፍቅር በኋላ ይመጣል» ይላል። እኔን ምሳሌ አድርጎ የሌላ ሰው ልጅ ሊያስለቅስብኝ። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እንግዲያ ነገሩ እንዴት እንደ ነበረ እኔው ልናገር።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ፍኖተ ሰላም አክስቴ ቤት ተቀምጬ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ለአስተማሪነት ሥልጠና ተመርጬ የመሄጃዬን ቀን እጠብቅ ነበር። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ከመቆም ሌላ የምመኘው አልነበረኝም።

የወላጆቼ አገር ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቅ ደብር ናት። በዚያው ዓመት ከደብሩ ሁለት ቄሶች አንዱ ሞቱ። ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟላ ቅዳሴ አይቀደስም፤ ስለዚህ ቅዳሴው ታጎለ። ለቅስና የሚበቃ አንድ ዲያቆን ነበር፤ ከቅኔ ቤት በቅርብ የተመለሰ ዝምተኛ ሰው። ዲያቆን ግን ቄስ የሚሆነው ድንግል አግብቶ ከቆረበ በኋላ ነው። አገሩ በሙሉ ለእሱ ሚስት ፍለጋ ተነሣ። የአካባቢው ልጃገረዶች በልጅነታቸው ተድረው ስላለቁ፣ ሁሉም እኔን አስታወሰ።

አባትሽ ታሟል ብለው ከፍኖተ ሰላም አስጠሩኝ። እያለቀስሁ ስደርስ አባቴ ደህና ነው፤ ቤቱ ግን በሽማግሌ ተሞልቷል። ስለ ንጽሕናዬ አክስቴን ጠይቀዋል፣ ጎረቤት ጠይቀዋል፣ የንስሐ አባቴን ጠይቀዋል። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ እኔን የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ስለ ትምህርቴ ሳነሣ አባቴ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ታቦቱ ያለ ቅዳሴ ሲቀር ኀጢአቱ በአንቺ ይሁን?» አለች።

ቆርበን ተጋባን፤ እሱም ቅስና ተቀበለ። የቁርባን ጋብቻ መፍቻ የለውም። እኔ ጥዬው ብሄድ እሱ ሌላ ማግባት አይችልም፤ ቢያገባ ቅስናው ይፈርሳል። ሁለታችንን በአንድ ገመድ አሰሩንና እልል ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

እሱንም ጠላሁት። ቄስ ለቅዳሴ ሲዘጋጅ ከሚስቱ ይለያል፤ በደብሩ ተቀያሪ ስለሌለ እሱ ዘወትር ሰሞነኛ፣ ተረኛ ቀዳሽ ነው፤ የሚያድረው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ቤት ሲመጣ ይበላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ ይወጣል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሱ ዝምታ ግን እኔን ሊያነቅዘኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላ የጎረቤት ሴቶች ሆዴን እያዩ «ምነው?» ይሉኝ ጀመር። ምነው መባል የነበረባቸውስ እነሱ ነበሩ።

አንድ ቀን ንዴቴ ሲብስብኝ ከምድጃው ከሰል አንሥቼ የቤቱን ግድግዳ ፊደል በፊደል አደረግሁት። አማቴ የቄስ ቤት ተበላሸ ብላ በእበት ለቀለቀችው። እሱ ከቅዳሴ ሲመለስ እርጥቡን ግድግዳ አየ። ከወጣ በኋላ ምሰሶው ሥር፣ በገል ላይ፣ ለጽሕፈት የሚመች ደህና ደህና ከሰል ተለቅሞ ተቀምጦ አገኘሁ። እንደገና ጻፍሁ። አማቴ እበቷን ይዛ ስትነሣ «ተይው እማዬ፣ ስገባ የማነበው ነው» አላት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ በሚወጣበት ሰዓት ሳላስበው መንገድ መንገዱን ማየት ጀመርሁ። በራሴም ተናደድሁ። ሴት ልጅ አስረው የሰጧትን ሰው ትወዳለች? ግን ወደድሁት፤ ምን ላድርግ።

በሁለተኛው ዓመት ቡሬ ላይ አስተማሪ ጎድሎ ስምንተኛ የጨረሰ ሰው እንደሚፈለግ ተሰማ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ አድሬ ቅዳሜ ልመለስ አልሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተሰብስበው ከለከሉ። ስለ ሁሉም የሚናገሩት ሌላው ቄስ፣ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ነበሩ።

«የቄስ ሚስት ኸሰው አገር ስታድር እንዴት ሁኖ ነው?» አሉ። «ነገር ቢመጣሳ? ቅስናው ይፈርስና ቅዳሴው ይታጎላል።»

ባሌ ተነሣ። በሸንጎ ሲናገር ያን ዕለት መጀመሪያ ሰማሁት።

«አባቶቼ» አለ፣ «ይችን ልጅ ቅዳሴው እንዳይታጎል ብላችሁ ኸትምህርቷ አውጥታችሁ ሰጣችሁኝ። እኔም ዝም ብዬ ተቀበልሁ፤ በደሉ የእኔም ነው። አሁንም ቅዳሴው እንዳይታጎል ኸፈለጋችሁ ልቀቋት። እሷ ቡሬ ካልሄደች እኔ መቅደስ አልገባም።»

ቄሰ ገበዙ ዋርካውን አዩ፣ መሬቱን አዩ። ብቻቸውን መቀደስ አይችሉም። «እንግዲያ ትሂድ» አሉ በመጨረሻ። እኔን ያሰረው ነገር እኔኑ ሲፈታኝ አየሁ፤ ከደስታዬ ግን ንዴቴ ቀደመ። ለካስ ይህን ያህል ቀላል ነበር። በሠርጌ ዋዜማ አንድ ሰው እንዲህ ቢነሣልኝ ይበቃ ነበር።

በሳምንቱ በበቅሎ ቡሬ አደረሰኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንቄን አወረደልኝና መሬት መሬቱን እያየ ቆመ።

«ትመለሻለሽ?» አለኝ።

ባልመለስ እስከ ዕለተ ሞቱ ብቻውን እንደሚቀር ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ግን ይህን አላነሣብኝም፤ ጠየቀኝ ብቻ። በዚህ ጋብቻ ነገር የእኔን ፈቃድ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

«ይህ ጥያቄ ከሠርጉ በፊት ነበር የሚጠየቅ» አልሁት።

«ልክ ነሽ» አለ፣ በቅሎውንም ስቦ ተመለሰ።

ቅዳሜ ሄድሁ፤ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። የተመለስሁት ለታቦቱ ብዬ አይደለም፣ ለሽማግሌዎቹም ብዬ አይደለም። ተጠይቄ፣ ስለ ፈለግሁ ነው። ያ ሽማግሌ እኔን ምሳሌ ሲያደርግ ይችን ይዘላታል።