እናቴ ዓሣ ያጠመደችበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት መጋረጃ የምሰቅልበት ገመድ ፍለጋ ከምኖርበት የገላን ኮንዶሚኒየም ሥር ካለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብቼ ነበር። ሻጩ ልጅ ሲባጎ አልቆበት ኖሮ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ የናይለን ክር ከመደርደሪያው አውርዶ «ይሄ ይሻልዎታል ማዘር፤ አይታይ፣ አይበጠስ» አለኝና ጥንካሬውን እንድፈትሽ ጫፉን ዘረጋልኝ። ሌባ ጣቴ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሜ ሳብኩት። ስፈታው ቆዳዬ ላይ ነጭ ሰንበር ቀርቶ ነበር። ነጩ ቀስ እያለ ወደ ቀይ ሲለወጥ እያየሁ ቆሜ፣ ልጁ «ስንት ሜትር ልቁረጥ?» እያለ ሁለቴ ሦስቴ ቢጠይቀኝም አልሰማሁትም። የእናቴን መዳፍ ነበር የማየው።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ አቃቂ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳንርቅ ከእትዬ አረጋሽ ጋር በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። የእሳቸው ባለቤት ባቡር ጣቢያው ይሠራሉ፤ የእኔ አባት ሁሴን ደግሞ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ተሳቢ ያለው ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ሲመጣ ግቢው ናፍጣ ናፍጣና ቴምር ቴምር ይሸታል፣ ሲሄድ ደግሞ ዝምታውን ጥሎብን ይሄዳል። ጠዋት የሚቀሰቅሰን የፋብሪካው ጡሩምባ ነው፤ ነፋሱ ከዚያ በኩል ከመጣም የቀለምና የእርጥብ ጥጥ ሽታ እስከ መኝታ ቤታችን ይገባል። እናቴ ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ያደገች። አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበረው አምባዛ ማጥመድ ያስተማረው እሷን ነበር፤ ይህንን ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ ለእኔም ለጎረቤትም ተንፍሳ አታውቅም።

ያን ዓመት መስቀል አልፎ፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ አባቴ እንደ ወትሮው ሄደ። ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሳምንት የሚበቃው ሰው ወር ሊሞላው ሆነ። መኪኖች በወታደር ታጅበው በኮንቮይ የሚሄዱበት ጊዜ ስለነበር፣ ስለዚያ መንገድ የሚያወራ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። እናቴ በየሁለት ቀኑ ቃሊቲ ድረስ ትሄድና የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ የተመለሱትን ሾፌሮች ትጠይቃለች። «አብሽሪ ዘይነባ፣ ወደቡ ላይ ወረፋ ነው» ይሏታል፤ «አብሽሪ» የሚላት ሰው ግን ዓይኗን አያያትም። ቤት ስትመለስ ትጠርጋለች፣ የጠረገችውን ደግማ ትጠርጋለች፣ ያልቆሸሸ ልብስ ታጥባለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ የአባቴን የመፍቻ ሣጥን ዘርግፋ መሀሉ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ምን እየሠራሽ ነው እማዬ?»

«መንጠቆ» አለችኝ ቀና ሳትል። «እጄ ሥራ ካልያዘ ልቤ ይሄድብኛል።»

መንጠቆውን የሠራችው ራጂ ከምንለው ቀጭን የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው። ከሰል ላይ አግላ፣ በአባቴ ፒንሳ አጥፋ፣ ጫፉን በሞረድ አሹላ፣ ዓሣው እንዳያመልጥ የምትይዘዋን ትንሽ ጥርስ አወጣችለት። ክሩ አባቴ ከዓመታት በፊት ከአሰብ አምጥቶት አልጋ ሥር የተረሳ ናይለን ነበር። ክሩን ወደ ታች የሚጎትት ክብደት እንዲሆን ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ የተነቀለ እርሳስ አሠረችለት፤ ውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ ደግሞ የተቀደደ ቀይ ስሊፐሬን ተረከዙን ቆርጣ ወሰደችብኝ። ዘንጉ ከእሷ ቁመት እጥፍ የሚሆን ቀርከሃ ነበር፤ ቤት ውስጥ አልገባ ብሎ ግማሹ በመስኮት ወጥቶ ያድር ነበር።

ከዚያ ሙከራ ተጀመረ። ተንሳፋፊውን በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ፈተሸች፤ መንጠቆው ግን በሳፋ አይፈተሽም አለችና ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠለጠለችበት። እትዬ አረጋሽ በዚያው ጠዋት በርበሬያቸውን ሰሌን ላይ አስጥተው ነበር። መንጠቆው ባልዲውን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ካነሳ በኋላ፣ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሰነፍ ቀስ ብሎ ተዘረጋና ባልዲ ሙሉ ውሃ በርበሬው ላይ ተደፋ።

«ዘይነባ!» አሉ እትዬ አረጋሽ ከበራቸው ላይ። «ዓሣው ሳይያዝ ወጡን ጀመርሽው እንዴ?»

እናቴ «ይቅር ይበሉኝ እትዬ» እያለች ተንበርክካ በርበሬውን ስትለቅም ሳቋ አመለጣት፤ እትዬ አረጋሽም ሊቆጡ አስበው የነበረው ተዘነጋቸውና አብረዋት ሳቁ። አባቴ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለተኛውን መንጠቆ እንደጋለ ዘይት ውስጥ ነከረችው። እሱ ባልዲውን ተሸክሞ ንቅንቅ አላለም።

ኩሬው ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ ድንጋይ ተፈልጦ በወጣበት ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ክረምት ከበጋ የተኛ ውሃ ነበር። የግብርና ሰዎች ካርፕ የሚባል ዓሣ ጫጩት ለቀውበታል ይባላል። የሠፈሩ ወንዶች ልጆች በአሮጌ አጎበር ትንንሾቹን ይጠልፋሉ፤ ትልልቆቹን ግን አመሻሽ ላይ ሲዘሉ ከሚያሰሙት ድምፅ በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። ሴት በዘንግ ስታጠምድ ደግሞ አቃቂ አይታ አታውቅም። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ቀርከሃውን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ባዶ ማዳበሪያና አብሽ የገባበት የስንዴ ሊጥ አስይዛኝ ስትወጣ፣ የማያያት ሰው አልነበረም። ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አንዱ «ዘይነባ፣ ባንዲራውን የት ጣልሽው?» አላት። እሷ ሳቀች። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቢቻለኝ ማዳበሪያው ውስጥ ገብቼ እሰወር ነበር።

ኩሬው ዳር ስንደርስ ሊጡን መንጠቆው ላይ ድቡልቡል አድርጋ፣ ቀርከሃውን ወደ ኋላ ወስዳ ወደ ፊት ስትለቀው ክሩ ፉጨት እያሰማ ሄዶ ውሃው መሀል ወደቀ። ቀዩ የስሊፐር ቁራጭ ትንሽ ተወዛወዘና ቀጥ ብሎ ቆመ። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ እንደዚያ ሲሰክን አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ዓይኔ ፊቷ ላይ አልቆየም፤ ሰው እንዳይመጣ መንገድ መንገዱን ነበር የማየው። ፀሐዩ ለስላሳ ነበር፤ ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ልብሱን ድንጋይ ላይ ሲወቅጡ ድምፁ ከክንዳቸው ዘግይቶ ይደርሰን ነበር። እኔም ቀስ በቀስ፣ አንድ እርምጃ አንድ እርምጃ እያልኩ፣ ከእናቴ ራቅሁ።

ሮማን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የመጣችው ያኔ ነው። ሮማን የክፍላችን አንደኛ ናት፤ ነጭ ካልሲዋ በጭቃ ወር እንኳ ነጭ ነው። ጓደኛዋ እንድታደርገኝ ያልሆንኩት አልነበረም፤ እርሳሷን እቀርጽላታለሁ፣ በሰልፍ ቦታዬን እለቅላታለሁ። ዘንጉን አየች፣ እናቴን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ሉባባ፣ ያቺ ሴትዮ እናትሽ ናት እንዴ?»

«አይ» አልኳት። «ጎረቤታችን ናት።»

ያልኩት በሹክሹክታ አልነበረም። ነፋሱ ደግሞ ከእኛ ወደ ውሃው ነበር የሚነፍሰው። እናቴ አልዞረችም። ሻሿን ልታስተካክል ያነሳችው እጇ ብቻ ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ ምንም ሳይነካ ወደ ዘንጉ ተመለሰ።

ልጆቹ ሊሄዱ ሲሉ ነው ቀዩ ቁራጭ አንዴ ጠለቅ፣ ሁለቴ ጠለቅ ብሎ ወደ ጎን መንሸራተት የጀመረው። እናቴ ብድግ አለች። ቀርከሃው ጫፉ ውሃ እስኪነካ ጎበጠ። ክሩ የሚጠቀለልበት ነገር ስላልነበረው ዓሣው ሲሮጥ እሷም ዳር ዳሩን አብራው ትሮጣለች፣ ሲቆም ትቆማለች፤ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣዋለች፣ አንዱ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ከሥር ወርቅማ ጎን ብልጭ አለ፤ እንደ ትሪ የሰፋ። ልጆቹ ጮኹ። እኔ እንደ ተተከለ ግንድ ቆሜ ቀረሁ፤ ሮጬ ልሂድ እላለሁ፣ ከሄድኩ ግን «እማዬ» ማለቴ ነው። እናቴም ያወቀችልኝ መሰለኝ። ሳትዞር ጮክ ብላ ተጣራች፤

«የጎረቤት ልጅ! ነይ እስቲ ማዳበሪያውን ያዥልኝ!»

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ ጫማዬን እንዳደረግኩ እስከ ወገቤ ውሃው ውስጥ ነበርኩ። ያን ጊዜ ቀርከሃው ከመሀሉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እናቴ ስባሪውን ጣለችና ክሩን በባዶ እጇ ጨበጠች፤ ዓሣው በጎተተ ቁጥር ክሩ መዳፏ ውስጥ ሲሰምጥ፣ ከጣቶቿ መሀል ደም ሲወጣ አየሁ። አለቀቀችውም። ማዳበሪያውን ከሥሩ አስገባሁ፤ አንድ ጊዜ በጭራው ፊቴን መታኝ፤ ሁለተኛ ስዘረጋለት ገባ። ሁለታችንም ጭቃው ላይ ተቀምጠን እናለከልካለን፤ ዓሣው በመሀላችን ጢሙን እያንቀሳቀሰ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ሮማን እያጨበጨበች መጣች። «ሉባባ፣ ጎረቤትሽ ጀግና ናት!» አለችኝ።

እናቴ ቀና ብላ አየቻትና ፈገግ አለች። «አላህ ያሳድግሽ ልጄ» አለቻት።

«ልጄ» ያለችው ለእኔ መሆን ነበረበት። አሁን እናቴ ናት በይ፣ አሁን በይ እያልኩ ከራሴ ጋር ስታገል ልጆቹ ሄዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ ማዳበሪያውን እኔ ተሸከምኩ፤ እናቴ መዳፏን በሻሿ ጫፍ ጠቅልላ ከፊቴ ትሄዳለች። እንድትቆጣኝ፣ እንድትመታኝ ተመኘሁ፤ ቅጣቱን ተቀብዬ እገላገል ነበር። ሐዲዱ ጋ ስንደርስ ቆመችና «መንጠቆው ጥሩ ነው፣ አልታጠፈም» አለችኝ። «የከዳኝ ቀርከሃው ነው።» እውነቷን ነው፤ ስለ ቀርከሃው ብቻ ነበር የምታወራው። እኔ ግን ያን ቃል ከሰማሁበት ጊዜ ጀምሮ ስለ ቀርከሃ ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም።

የዓሣውን የጭቃ ጠረን በሎሚና በጨው አስለቅቃ፣ እትዬ አረጋሽን ጠራቻቸው። ሰባት ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር ዳቦም ሽሮም ተቋድሰናል፤ የእነሱን ሥጋ እኛ፣ የእኛን ሥጋ እነሱ በልተን ግን አናውቅም ነበር። ዓሣ ደግሞ የሚባረክበት ቢላ የለውም። እትዬ አረጋሽ እጃቸውን ታጥበው ትሪያችን ዙሪያ ሲቀመጡ፣ እናቴ ፊት ላይ ያየሁትን ደስታ ለበዓል እንኳ አይቼው አላውቅም። ትልቁን ጉርሻ ለእሳቸው አጎረሰቻቸው። እሳቸውም አላምጠው ሲጨርሱ፣ «ለመሆኑ ይህን የሚያህል ፍጡር ብቻሽን እንዴት ጎተትሽው?» ብለው ጠየቋት።

እናቴ እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ አየች። «ኧረ ብቻዬን አልነበርኩም እትዬ» አለች። «ልጄ ነበረችልኝ።»

አፌ ውስጥ ያለው ጉርሻ አልወርድ አለኝ። ውጪ ወጥቼ የውሃ በርሜሉ ጋ ቆሜ አለቀስኩ። እትዬ አረጋሽ እሾህ የወጋኝ መስሏቸው በደረቅ እንጀራ እንድትውጠው እያሉ ከውስጥ ሲጮኹ ይሰማኝ ነበር።

አባቴ ከዚያ ቅዳሜ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ከስቶ፣ ጺሙ አድጎ፣ መኪናው መስታወት ተሰንጥቆ፤ ግን መጣ። ወደቡ ላይ ወረፋ ነበር አለን፤ ከወደቡ ወዲህ ያለውን አልተናገረም፤ እናቴም አልጠየቀችውም። የመፍቻ ሣጥኑ ውስጥ ሞረዱን ቦታው ላይ ሲያጣው ታሪኩ ሁሉ ተነገረው። በርበሬው ተነገረ፣ ዘንጉ ተነገረ፣ እኔ ውሃ ውስጥ መግባቴ ተነገረ፤ ያቺ ነገር ብቻ አልተነገረችም። እናቴን ስታወራ በጭንቀት ሳያት፣ ሳትደናቀፍ ዘላት አለፈች።

እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ አባቴም ካረፈ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ደፍሬ አነሳሁባት። «እማዬ፣ ያኔ ኩሬው ዳር ያልኩትን ይቅር ብለሽኛል?» አልኳት። የልጅ ልጇን ፀጉር እየሠራች ነበር። «የቱን?» አለችኝ። ረስታው ይሁን፣ ወይ እንደ ያኔው ልታሻግረኝ ፈልጋ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ የምትነግረኝ እሷም ከሄደች ስድስት ዓመት ሆነ።

ባለፈው እሑድ ኩሬው የነበረበትን ፈልጌ ሄጄ ነበር። ተሞልቷል፤ ግንብ ታጥሮበት መጋዘን ቆሞበታል። ዘበኛው «ምን ፈለጉ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «ምንም» አልኩት። ድሮ በዚያ መንገድ ሳልፍ ያገኘኝ ሁሉ «አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ይለኝ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው እንደዚያ ቢጠይቀኝ የሠፈሩ ሰው ሁሉ እስኪሰማ «የዘይነባ» እል ነበር፤ የሚጠይቀኝ ግን አላገኘሁም።