ልጄን ላመጣበት የያዝኩት ባዶ ሻንጣ

ዛሬ ጠዋት ባዶ ሻንጣ ይዤ መገናኛ ስደርስ ስልኬ ጮኸ።

ዘንድሮ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጄ ናት። ወር ሙሉ «ነይ ውሰጂኝ» እያለች ስታለቅስ አንጀቴ አልችል ብሎ ላመጣት ተነስቼ ነበር።

«እማዬ፣ እንዳትመጪ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም! ቺኮው አለቀ።»

ለሦስት ወር ብዬ ገብሱን በቅቤ አሽቼ የላክሁላት ነው እኮ! ሎከር ውስጥ ቆልፋበት ኖሮ፣ ትናንት ለዶርም ልጆች አወጣችውና ስድስት ሆነው ጨረሱት።

ከኋላዋ አንዷ፣ «ማዘር፣ እኔ እጾማለሁ፣ የኔን በዘይት ያድርጉልኝ!» ስትል ልጄ ከት ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ ከሰማሁ ወር አልፎኛል።

አያት ሰፈር ወዳለው ቤቴ ተመልሼ ገብስ እየቆላሁ ነው። ሻንጣው ለስድስት ሰው ቺኮ ይዞ ብቻውን ይሄዳል።

የእናንተስ ልጆች እንዴት ለመዱ?