በጉማ የተያዘው ክላሽ

አደም ይማም ጨፋ ሜዳ ላይ ከብት አርብቶ የሚያድር ዝምተኛ ሰው ነበር። ሰንበቴ ገበያ ወይፈን ሲሸጥ እንኳ ክርክሩን ለሚስቱ ለፋጡሜ ትቶ ዞር ይላል። ያሳደጉት ወንድ ልጅ አንድ አብዶ ብቻ ነው።

ክላሹ የመጣው መስኮቦች ለደርግ መሣሪያ በመርከብ ማጋዝ ከጀመሩ በኋላ ነው። አደም ለገበሬ ማኅበሩ ሚሊሺያ ተመልምሎ ሠለጠነና ገና ግሪሱ ያልለቀቀ ክላሽ አንግቶ ተመለሰ። በዚያ ዓመት በረቱን የደፈረ የለም። ድሮ በበጋ ሣር ፍለጋ ከቆላ የሚወጡት ሰዎች ጥጃ ሳይቀር ይነዱበት ነበር፤ አሁን ከወንዙ ማዶ ሆነው ሰላምታ ይልኩ ጀመር። ፋጡሜም ቅቤዋ በዛና፣ "ይህን ብረት የላከውን ፈረንጅ አላህ ይስጠው" ትል ነበር።

በተከታዩ በጋ ግን ከማዶዎቹ ጋር በውሃ ተጣሉ። ዱላ ተማዘዙ። አደም ለማስፈራራት ብሎ ቃታ ሳበ። የአባቱ ምንሽር ቢሆን አንዴ ጮሆ ዝም ባለ። ክላሹ ጣቱን እስኪያነሣ ድረስ አላቆመም፤ ሸምሱ የሚባል የማዶ ጎረምሳ ውሃው ዳር ተደፋ።

ሽማግሌዎች ገቡና ጉማ ተቆረጠ፣ የደም ካሳ። በአገሩ ደንብ ገዳይ ካሳውን በከብት ከፍሎ እስኪጨርስ የገደለበትን መሣሪያ ለሟች ቤተሰብ ያስይዛል። ጦርም ይሁን ምንሽር፣ የገደለው ራሱ እንጂ ሌላ አይተካም። አደም ሰደፉን ወደ ሟች አባት አዙሮ በሁለት እጁ ሰጠ። አባትየው ሙሐመድዘይን ዓይናቸውን ከብረቱ ላይ አሽሽተው በጨርቅ ጠቀለሉት።

"አንተም ልጅ አለህ። ጉማህን ጨርስና ውሰድ" አሉት።

ክላሹ የመንግሥት ንብረት መሆኑ ለማንም ትዝ አላለውም።

ከከብቶቹ ግማሹ እንደተነዳ ከከሚሴ ካድሬ መጣ። መስኮቡ አማካሪ መሣሪያውን ሊጎበኝ ነውና ሁሉም ወልውሎ እንዲሰለፍ አዘዘ።

"ያንተስ?" አለው አደምን።

"በጉማ ተይዟል፣ ጓድ።"

"በምን?"

አደም አስረዳ። ካድሬው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "አያ አደም፣ የሶቭየት ሕዝብ የላከልህን ክላሽ እንደ በሬ አስያዝከው?" ሚሊሺያዎቹም ሳቁ። እሱ ግን ሳቁን ቁርጥ አድርጎ፣ "ለወንበዴ መሣሪያ ያቀበለ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ" አለ።

"የቀሩትን ጊደሮች እስክሰጥ ታገሡኝ። አሁን ልውሰድ ብል እርቁ ፈረሰ፤ ልጄን ይገድሉብኛል።"

"ውሰድ ማን አለህ? እኛ እንወስደዋለን። አንተ ቤቱን ታሳያለህ።"

ፋጡሜ ማታውን ሙሉ፣ "ወላሂ እንዳትመራቸው! አንተን ያስሩህ እንጂ አብዶን አታስበላብኝ" ስትል ለመነችው። እንደ ነጋ ግን አደም ካድሬውንና ሚሊሺያዎቹን ከፊት ከፊት እየሄደ መራቸው።

ሙሐመድዘይን የሱብሂ ሰላታቸውን ጨርሰው ምንጣፋቸውን እያጠፉ ነበር። ከኋላው ያሉትን ሳያስተውሉ አደምን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ።

"ሰላም ነው? ጨረስክ እንዴ?" ብለው፣ መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ውስጥ ገቡ። ጥቅሉን ታቅፈው ሲወጡ ካድሬው፣ "መሣሪያ ይዟል!" ብሎ ጮኸ። ክላሾቹ ባንዴ ተንጣጡ። ሽማግሌው ጥቅሉን እንዳቀፉ በራቸው ላይ ወደቁ።

ካድሬው ጨርቁን ገፎ ክላሹን ለአደም ወረወረለት። "ደሙን ጥረገው። እንግዳ ይመጣል።"

መስኮቡ መጣ። በሰልፉ መሀል እያለፈ የአደምን ክላሽ ተቀበለ፣ አፈሙዙን በአንድ ዓይኑ አየ፣ በአስተርጓሚውም "ጥሩ አያያዝ ነው" አለ። ሌላ እንደሚላክም ተነገረ። ተጨበጨበ። አደምም አጨበጨበ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ለጉማ የሰጣቸው ከብቶች በሙሉ በወንዙ ወዲህ ዳር ቆመው አገኛቸው። የማዶ ሰዎች ጉማውን አንቀበልም ብለው መልሰው ነድተው ትተዋቸው ሄደዋል። ፋጡሜ ቀድማ አይታ ነበር። ላሞቿን አልሰበሰበችም፤ አብዶን ጎትታ ቤት አስገብታ፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። አደም ክላሹን እንዳነገተ ቢያንኳኳም አልከፈተችለትም።