በክሬንሾው የማለዳ ቀጠሮ

ከድሬዳዋ የወጣሁት አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄን ለሦስት ወር ልጠይቅ ነው ብዬ ስለነበር ማንም አላለቀሰም፤ እኔም ማልቀስ አላስፈለገኝም። ሳህኖቼን አጥቤ ደፋሁ፣ የጓሮውን ቧንቧ አጥብቄ ዘጋሁ፣ ቁልፉን ለተከራይዬ ሰጠኋት። እሷም ሻንጣዬን በእጇ መዘን አድርጋ፣ ለሦስት ወር ይህ ሁሉ በርበሬ ምን ያደርጋል አለችኝ። ልጄ የሚያቃጥል ይወዳል አልኳት። እንዲህ ዋሽቼ ወጣሁ። ሦስቱ ወር ይኸው ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ልጄ የሚኖረው ቶራንስ ነው። የሎስ አንጀለስ ሰማይ ሲያዩት የድሬን ይመስላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ከባሕሩ በኩል ብርድ ይመጣና ሰውን ወደ ቤቱ ያስገባል። ድሬ በዚያ ሰዓት ነው ሰው ወንበሩን ይዞ ደጅ የሚወጣው። በመጣሁ ሰሞን እኔም ወንበር አውጥቼ በራችን ላይ ተቀመጥኩ። ነጭ ጎረቤታችን አጥሩ ጋ መጥታ ቁልፍ ጠፍቶብሽ ነው ወይ፣ ፖሊስ ልጥራልሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወንበሬን ይዤ ገባሁ።

ልጄና ሚስቱ ማለዳ ወጥተው ማታ ነው የሚመለሱት። ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው። ቀኑን ሙሉ የማዳምጠው የፍሪጁን ድምፅ ነበር። እንዲህ ሳለሁ ነው ፌርፋክስ ላይ፣ እንጀራ ከምንገዛበት ሱቅ፣ ከአቶ መኮንን ጋር የተዋወቅነው። አቶ መኮንን ባርኔጣ የማይለያቸው ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው፤ ለአንድ የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ኤጀንት ይመለምላሉ። ፊቴን ትንሽ አዩና፣ "ሰው የሚያምነው ፊት አለዎት" አሉኝ። ምን ዓይነት ፊት እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ገባሁበት። የሥራው መጠሪያ ካሪየር ኤጀንት ነው፤ ካሪየር የዕድሜ ልክ ሙያ ማለት ነው አሉኝ። በስድሳ ስድስት ዓመቴ ካሪየር ጀመርኩ ማለት ነው።

ለላይሰንሱ አሻራ ያስፈልጋል ተባልኩ። ድሬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የጨርቅ ጉድለት በጣቴ እየዳሰስኩ ስለቆየሁ፣ ማሽኑ አሻራዬን ሊያነበው አልቻለም። የማሽኑ ሠራተኛ ጣቴን ሦስት ጊዜ ጠርጎ፣ "ማዳም፣ ምን ሠርተሽ ነው ያጠፋሽው?" አለኝ። ሠርቼ ነው ያጠፋሁት አልኩት። አልሳቀም፤ አራተኛ ጊዜ ጠረገው። የላይሰንሱን ፈተናም በሦስተኛው ሙከራ አለፍኩ።

ኮንትራቱ በሦስት ወር ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ሳይን ካላደረገ ይቋረጣል ይላል። ለእኔ ይህ ማለት ወደ ፍሪጁ መመለስ ማለት ነው። የምናውቃቸውን መቶ ሰዎች ስም ጽፈን እንድናመጣ ታዘዝን። እኔ አርባ አንድ ላይ ቆምኩ፤ ከነሱም ሁለቱ የልጅ ልጆቼ ናቸው። የቀረውን አቶ መኮንን ከቤተ ክርስቲያን ሞሉልኝ። ችግሩ ግን ስሙ አልነበረም፤ አፌ ነበር። ኩባንያው ያስጠናን ንግግር "ነገ ቢሞቱ ቤተሰብዎ ምን ይሆናል?" ብሎ ይጀምራል። እኔ ይህን ለሰው እንዴት እላለሁ? ክፉ አይንካዎትና፣ እሱ ያርቀውና፣ እንደው አንድ ነገር ቢመጣ እላለሁ። ምን ነገር ይሉኛል። እንደው አንድ ነገር እላለሁ። አቶ መኮንን አንድ ቀን በሰዓታቸው ቢለኩኝ፣ ሞት የሚለው ቃል ላይ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል። የማነጋግረው ሰውዬ እስከዚያ ድረስ የቤት ኪራይ የምፈልግ መስሎት ነበር።

እንዲያም ሆኖ አምስት ቤተሰብ ፈረመልኝ። ሦስቱ ወር ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀር፣ አንድ ብቻ ጎደለኝ። ያኔ ነው ድንቁ የሚባል፣ ከሎንግ ቢች ወደብ ኮንቴይነር የሚጭን ሾፌር እሺ ያለኝ። ክሬንሾው የሚባል ሰፈር ከሚስቱ ከየሺና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል። ማለዳ ስለሚወጣ፣ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ኑ አለን።

ኩባንያው የሚያዘውን ጥቁር ሱፍ ለበስኩ። ብርድ ስለነበር ነጠላዬን ደረብኩበት። በጨለማ ስለብሰው ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገቴ ዞሮ ነበር፤ እንዲያ የሚለበሰው ለሐዘን ነው። እኔ አላየሁትም። የወሰዱኝ አቶ መኮንን በጨለማ መኪና እየነዱ ስለነበር እሳቸውም አላዩትም።

በሩን የከፈተችው የሺ ናት። ድንቁ ማታ ደክሞት ገብቶ ቀጠሮውን ሳይነግራት ተኝቷል። አየችኝ፤ ነጠላዬን አየች፤ ከኋላዬ የቆሙትን ሽማግሌ አየች። አቶ መኮንን ጨዋ ሰው ናቸውና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባያወልቁ ኖሮ ምናልባት እንተርፍ ነበር።

"እናቴ ናት?" አለች የሺ።

"ኧረ ደህና ናት፤ ምንም አልሆነችም" አልኳት። እናቷን አይቻት አላውቅም።

ከዚህ የከፋ መልስ አልነበረም። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ በሽማግሌ ነው፤ የሚጀመረውም ደህና ናት በማለት ነው። ከዚያ ትንሽ አሟት ነበር ይባላል፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ገብታ ነበር ይባላል። እኔ ደህና ናት ባልኩ ቁጥር የሺ ወደሚቀጥለው ደረጃ እየወረደች፣ በሦስተኛው ደህና ናት ወለሉ ላይ ተዘረጋች።

ድንቁ ፊቱ ላይ የመላጫ ሳሙና እንዳለ እየሮጠ ወጣ። ቀጠሮው ከአእምሮው ጠፍቷል።

"አስቀድሞ ለእኔ አይደወልም?" አለ። "ባል አይደለሁም?"

አቶ መኮንን ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ "ወንድሜ ተረጋጋ፤ እኛ የመጣነው ለሕይወት ኢንሹራንስ ነው" አሉት።

"ኢንሹራንስ ነበራት እንዴ?" አለ ድንቁ።

ይህን የሰማች የሺ ጩኸቷን ጨመረች። ጎረቤቷ ሰናይት በፒጃማዋ ላይ ነጠላ ጥላ ገባች። ሰናይት አረጋውያንን የምትንከባከብ ልጅ ናት፤ የየሺን እናት የምታውቃት በቪዲዮ ስትመርቃት ብቻ ነው። ለዚያች ለምርቃቷ ብላ ደረቷን መታች። ኋላ አቶ መኮንን እንደነገሩኝ እኔም አልቅሻለሁ። ባሌ ሲቀበር እንኳ ሰው ፊት ያላለቀስኩ ሴት፣ ለማላውቃት በሕይወት ላለች ሴት አለቀስኩ።

በመጨረሻ ድንቁ ቀጠሮው ትዝ ብሎት የሆነውን ተረዳና ሳሙናውን በመዳፉ ጠርጎ እናቷ ወዳለችበት ወደ ጅማ ደወለ። እዚያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ስልኳ ዝግ ነው። ለወንድሟ ደወለ፤ አያነሳም። እንደገና ለእናቷ፤ ዝግ ነው። ያኔ ሁሉም ቀስ ብለው እኔን ያዩኝ ጀመር። እኔም ፈራሁ። ሴትየዋ እውነት ሞታ ቢሆንስ? እግሬ ይዞት የመጣ ወሬ ቢሆንስ? ኮንትራቱን ረሳሁት። እግዚአብሔር ይህችን ሴት በሕይወት ያቆይልኝ እንጂ ዕድሜዬን ከፍሪጁ ጋር እጨርሳለሁ ብዬ በልቤ ተሳልኩ።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል ከተቀመጥን በኋላ ስልኩ ጮኸ። እናቷ ናት። መብራት ጠፍቶ ስልኳን ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ቻርጅ ልታስደርግ ልካው ነበር። የሺ ስልኩን ይዛ እንደ አዲስ አለቀሰች፤ ሰናይት ደግሞ አሁን በደስታ ታለቅሳለች። ድንቁ የመጣውን ሁሉ ያመጣሽው አንቺ ነሽ በሚል ዓይን ስልኩን ሰጠኝ።

"ማን ነው የሚያለቅሰው? ልጄስ?" አለች እናቷ።

"ደህና ናት" አልኳት።

በዚያኛው በኩል ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።

"ደህና ናት አልሽኝ? አንቺ ማነሽ? እውነቱን ንገሪኝ፤ እችለዋለሁ።"

የሺን ሰጠኋት። የሺ እማዬ አለች፤ ድምፅዋ ሻክሮ የወንድ መስሏል። እናቷ ይቺ ልጄ አይደለችም አለች። ስልኩ ተመልሶ ወደ እኔ መጣ። ምን ላድርግ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ኩባንያው፣ ስለ ስድስቱ ቤተሰብ፣ ስለ ነጠላዬ፣ ስለ ባርኔጣው። ነጠላው ላይ ስደርስ ሳቋን ለቀቀች፤ እስክትስል ሳቀች።

"እና አንቺ ሞት ትሸጫለሽ?" አለችኝ።

"እንደዚያ በሉት" አልኳት። "ግን የሚገዛኝ የለም።"

ድንቁ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አላየውም። ሥራ ረፍዶበታል። በዚህ ዓመት በዚህ በር እንዳትገቡ ብሎን ወጣ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ወረቀቴን እየሰበሰብኩ ሳለ ሰናይት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"እንግዲህ እኔ አንድ ነገር ብሆን" አለችኝ፣ "ለእናቴ ገንዘቡን ይዞ የሚመጣላት ማን ነው?"

ኩባንያው ነው አልኳት።

"ታዲያ ጻፊኝ። አንቺ ግን ወረቀት ነው የምትልኪላት፤ እንዳትሄጂባት።"

ስድስተኛዋ እሷ ሆነች። ሥራዬ ተረፈ። በኦፊሱ ስብሰባ አቶ መኮንን ስሜን ሳይጠሩ አዲሶቹን ኤጀንቶች በታሪኩ ያስተምሩበታል፤ ሁሉም ዞረው እኔን ያዩኛል።

የየሺ እናት ግን ቁጥሬን ተቀብላ ነበር። አሁን ሁልጊዜ ቅዳሜ ትደውልልኛለች። ልጆች ለእናት እውነት አይናገሩም፤ አንቺ ግን ነጠላውን ሳይቀር ነግረሽኛል ትለኛለች። ላለመዋሸት ብዬ ዓርብ ዓርብ፣ ድንቁ ሥራ ላይ ሳለ፣ አውቶቡስ ይዤ ክሬንሾው እሄዳለሁ። የሺ አሁን በሩን የምትከፍተው በመስኮት አይታኝ ነው።

ባለፈው ቅዳሜም ደወለች። ልጄና ሚስቱ ልጆቹን ይዘው ወጥተዋል።

"የሺ ደህና ናት?" አለችኝ።

"ደህና ናት። ትናንት አይቻታለሁ። ክብደት ጨምራለች።"

"አንቺስ?"

"እኔም ደህና ነኝ" አልኳት።

በዚያኛው በኩል እንደገና ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። 

"እስቲ አጠገብሽ ላለው ሰው ስጪልኝ" አለችኝ። "እውነቱን እሱን ልጠይቀው።"

ስልኩን ለማን እንደምሰጥ ዞር ዞር ብዬ አየሁ።