ሁለቱንም ወረቀት የጻፉት ሴትዮ
ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሴትዮ የጽሕፈት መኪናቸውን ሲመቱት የተጣሉትን ሰው የሚደበድቡ ይመስላሉ። መነጽራቸው በክር ታስሯል፤ ጥቁር ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል። ባለጉዳይ ፊታቸው ቆሞ ቢያለቅስ እንኳ ቀና አይሉም።

ትናንት ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረ ጎልማሳ መምህር በእጁ የጻፈውን ጽሑፍ እንዲተይቡለት ሰጣቸው። ከካፒታሊዝም ወደ ኮሙኒዝም የሚደረገው ሽግግር በአንዴ ይሁን ወይስ በደረጃ የሚል ክርክር ነበር። አንድ ገጽ አነበቡና ፊታቸው ተለዋወጠ።

"በደረጃ ነው ትላለህ?"

"አዎ እማማ፤ የሌሎቹ መንገድ ስህተት መሆኑን…"

"ስማ! በአብዮቱ ጊዜ 'በአንዴ' የሚለውን ለወንድሜ የተየብኩለት እኔ ነኝ። 'በደረጃ' የሚለውን ለባሌ የተየብኩለትም እኔው ነኝ፤ እዚችው መኪና ላይ! ሁለቱም የሚምሉት በድሃው ስም ነበር። ባሌ ወንድሜን አስገደለው። የወንድሜ ጓዶች ደግሞ ባሌን ደጃፌ ላይ ደፉት። ድሃው ይኸው ዛሬም እዚህ ተሰልፏል፤ አንዳችሁም ዞር ብላችሁ አልጠየቃችሁትም!"

መምህሩ ወረቀቱን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን አራት ቦታ ቀደዱት።

ከዚያ አዲስ ወረቀት መኪናው ላይ አስገቡና፣ ቁጣቸው ሳይበርድ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተስ? ምን ተበደልክ?"